ባሕር የሌለው ወደብ፦ ከደርባን እስከ ጆሃንስበርግ የኮንቴይነሩ ዲጂታል ጉዞ

ከጆሃንስበርግ መሐል ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ራቅ ብሎ ሲቲ ዲፕ የሚባል ሰፈር ይገኛል። ስሙን ያገኘው በአንድ ወቅት በሥፍራው ከጥልቅ ጉድጓድ ወርቅ ይወጣበት ከነበረው የማዕድን ማውጫ ነው። ዛሬ በሥፍራው የሚታዩት በላይ በላይ የተደረደሩ ኮንቴይነሮች፣ የባቡር ሐዲዶች፣ ክሬኖችና ተራ የሚጠብቁ ተሳቢ መኪኖች ናቸው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያረፈ ነው። አብዛኛውን ጭነት የሚቀበልበት የደርባን ወደብ ደግሞ በመንገድ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይሁን እንጂ ሲቲ ዲፕ ወደብ ነው፤ በአፍሪካ ትልቁ ደረቅ ወደብ እየተባለም ይጠራል።

ከዚህ ደረቅ ወደብ ብዙም ሳይርቅ፣ በመሐል ከተማው፣ ኢትዮጵያውያን «ጄፒ» የሚሉት የንግድ መንደር አለ። ጎዳናው እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ራሂማ ሙሳ ተብሎ ቢሰየምም የቀድሞ ስሙ ከነጋዴው አፍ አልወጣም። በአንድ ወቅት የሐኪሞች ቢሮ የነበሩ ፎቆች ክፍል በክፍል ተሸንሽነው የልብስ፣ የጫማ፣ የብርድ ልብስና የቦርሳ ሱቆች ሆነዋል። ደንበኞቹ ከከተማዋ ዳርቻ ሰፈሮች ብቻ ሳይሆን ከዚምባብዌ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከዛምቢያና ከማላዊ ጭምር የሚመጡ ቸርቻሪዎች ናቸው። ነጋዴው ዕቃውን ራሱ ቢያስመጣም፣ በከተማዋ ካሉ የቻይና ጅምላ ገበያዎች ቢገዛም፣ አብዛኛው ሸቀጥ በኮንቴይነር ተጭኖ ባሕር አቋርጦ የመጣ ነው። ስለዚህ በደርባን አንድ ክሬን ሲቆም ወይም አንድ ሰርቨር ሲዘጋ፣ የጄፒ መደርደሪያ ከሳምንታት በኋላ ባዶነቱ ይታወቃል።

የደቡብ አፍሪካ ወደቦች ባለፉት ዓመታት ያሳለፉት ፈተና፣ «ወደብን በዲጂታል ቴክኖሎጂ ማዘመን» የሚለው ሐረግ በተግባር ምን እንደሚሰጥና ምን እንደማይሰጥ በግልጽ የሚያሳይ ነው። የባሕር በር ለሌላትና ንግዷን በሩቅ ወደብና በደረቅ ወደቦች ላይ ለመሠረተችው ኢትዮጵያም የሚያካፍለው ትምህርት አለ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሣጥኑ በፊት የሚደርሰው መረጃ

ዘመናዊው የኮንቴይነር ንግድ የተጀመረው ኤፕሪል 26 ቀን 1956 ነው። አሜሪካዊው የትራንስፖርት ነጋዴ ማልኮም ማክሊን በዚያን ዕለት «አይዲያል ኤክስ» በተባለች መርከብ 58 ኮንቴይነሮችን ከኒውዋርክ ወደ ሂውስተን ላከ። ከዚያ በፊት ዕቃ በጆንያ፣ በበርሜልና በሣጥን እየተነጠለ በሰው ጉልበት ይጫንና ይራገፍ ነበር። ኮንቴይነር ሥራውን ከቀናት ወደ ሰዓታት አሳጠረው። በምትኩ ግን አዲስ ችግር ፈጠረ። ሣጥኖቹ ሁሉ ስለሚመሳሰሉና ውስጣቸው ስለማይታይ፣ የትኛው የማን እንደሆነ ለማወቅ ያለው ብቸኛ መንገድ ከሣጥኑ ጋር የሚጓዘው መረጃ ሆነ።

መረጃው የሚጀምረው በኮንቴይነሩ ጎን ላይ ከተጻፈው መለያ ቁጥር ነው። በዓለም አቀፍ ደረጃ በተደነገገው መሠረት መለያው አራት የላቲን ፊደላት፣ ስድስት አኃዞችና አንድ የመቆጣጠሪያ አኃዝ አለው። የመጨረሻው አኃዝ በስሌት የሚገኝ ነው። እያንዳንዱ ፊደል በቁጥር ይተካል፤ ከዚያም አሥሩ ዋጋዎች በየተራቸው በ1፣ በ2፣ በ4፣ በ8 እያለ እጥፍ እየሆነ እስከ 512 በሚደርስ ቁጥር ይባዛሉ። ድምሩ ለ11 ሲካፈል የሚተርፈው ቁጥር የመቆጣጠሪያ አኃዙ ነው፤ 10 ከተረፈ 0 ይጻፋል። ለምሳሌ ሲ፣ ኤስ፣ ኪው እና ዩ በሚሉት ፊደላት ጀምሮ 305438 የሚል ቁጥር ያለው ኮንቴይነር ድምሩ 6,185 ይሆናል፤ ለ11 ሲካፈል 3 ይተርፋል። አንድ ሠራተኛ በስሕተት 305488 ብሎ ቢያስገባ ቀሪው 7 ስለሚሆን ኮምፒውተሩ ስሕተቱን እዚያው ይይዘዋል። ይህች ቀላል ሒሳብ በየዕለቱ በዓለም ዙሪያ ብዙ ኮንቴይነሮች በስም ስሕተት እንዳይጠፉ ትከላከላለች።

ሁለተኛው እርምጃ መርከቡ ሳይደርስ መረጃው እንዲደርስ ማድረግ ነው። በተባበሩት መንግሥታት አማካይነት በ1980ዎቹ በወጣው የኤሌክትሮኒክ መልእክት ደረጃ፣ የመርከብ ኩባንያው እያንዳንዱ ኮንቴይነር በመርከቡ ላይ በየትኛው ረድፍና በየትኛው ደርብ እንደተቀመጠ የሚያሳይ ፋይል ለወደቡ አስቀድሞ ይልካል። ወደቡ በዚያ መሠረት የሚራገፈውን ይለያል፣ ክሬን ይመድባል፣ የማስቀመጫ ቦታ ያዘጋጃል። ኮንቴይነሩ ከበር ሲወጣ ደግሞ ሌላ መልእክት ለባለ መርከቡ ይላካል።

እነዚህን መልእክቶች ተቀብሎ ሥራውን የሚመራው «የተርሚናል ማስተዳደሪያ ሥርዓት» የሚባለው ሶፍትዌር ነው። በደቡብ አፍሪካ የመንግሥቱ ኩባንያ ትራንስኔት ለኮንቴይነር ተርሚናሎቹ የሚጠቀመው ናቪስ የተሰኘውን ሥርዓት ነው። የሶፍትዌሩ ዋና ጭንቀት በቀላሉ ሊገለጽ ይችላል፦ ኮንቴይነሮች በላይ በላይ ሲደረደሩ የመጀመሪያው ተፈላጊ ከታች ከዋለ፣ እሱን ለማውጣት ከላይ ያሉት ሁሉ መነሣትና ወደ ሌላ ቦታ መሄድ አለባቸው። እያንዳንዱ እንዲህ ያለ መነሣት ነዳጅ፣ ጊዜና የመሣሪያ ዕድሜ ይበላል፤ ለማንም ግን ገቢ አያስገኝም። የትኛው መኪና የትኛውን ኮንቴይነር በስንት ሰዓት ሊወስድ እንደሚመጣ አስቀድሞ ከታወቀ ግን ሌሊቱን አደራደሩን ማስተካከል ይቻላል። ትራንስኔት ተሳቢ መኪኖች በሰዓት ቀጠሮ እንዲገቡ የሚያስገድድ ሥርዓት ያስጀመረው ለዚህ ነው። ወደ ደርባን ተርሚናሎች የሚወስደው ቤይሄድ መንገድ በተሳቢ ሰልፍ መታወቁ የቀጠሮውን አስፈላጊነት ያስረዳል።

ሲቲ ዲፕን ወደብ ያደረገው ምንድን ነው?

ባሕር የሌለው ቦታ ወደብ የሚሆነው በሰነድ ነው። ከሻንጋይ የተነሣ ኮንቴይነር የጭነት ሰነዱ ላይ መድረሻው ጆሃንስበርግ ተብሎ ከተጻፈ፣ ደርባን ላይ ከመርከብ ወርዶ በጉምሩክ ቁጥጥር ሥር እንደታሸገ ወደ ሲቲ ዲፕ ይጓዛል፤ ቀረጥና ፍተሻው የሚፈጸመው በዚያ ነው። አስመጪው ደርባን ድረስ መሄድ ወይም በዚያ ወኪል መቅጠር አይጠበቅበትም።

ይህ አሠራር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በ2010ዎቹ መጀመሪያ በተነሣ ክርክር ታይቷል። የደቡብ አፍሪካ ገቢዎች አገልግሎት በ2014 የጸደቀውን የጉምሩክ ቁጥጥር ሕግ ሲያዘጋጅ፣ ወደ አገር ውስጥ የሚዘልቅ ጭነት ዝርዝር መረጃው በመጀመሪያው የባሕር ወደብ ላይ እንዲታወጅ ሐሳብ አቀረበ። ባለሥልጣኑ በኮንቴይነሩ ውስጥ ያለውን ሳያውቅ ከደርባን እንዲያልፍ አልፈለገም። የጆሃንስበርግ አስመጪዎችና የጭነት አስተላላፊዎች በበኩላቸው ይህ ከሆነ ሲቲ ዲፕ ወደብነቱን አጥቶ ተራ መጋዘን ይሆናል፣ ጭነትም ደርባን ላይ ይከማቻል ብለው ተቃወሙ። ክርክሩ ስለ ክሬን ወይም ስለ ሐዲድ አልነበረም። የሚያከራክረው መረጃው መቼ፣ ለማን እና የት ይሰጥ የሚለው ነበር።

ለዚህ ጥያቄ ዓለም ያገኘው መልስ «የአንድ መስኮት አገልግሎት» ይባላል። ነጋዴው አንድ ጊዜ ያስገባውን መረጃ ጉምሩክ፣ የጤናና የጥራት ተቆጣጣሪዎች፣ ባንክና ወደብ ሁሉም ይጋሩታል። ሲንጋፖር «ትሬድኔት» የተባለውን ሥርዓቷን በ1989 ስትጀምር ፈር ቀዳጅ ነበረች። ዓለም አቀፉ የባሕር ጉዳዮች ድርጅትም መርከቦች ወደብ ሲገቡና ሲወጡ የሚሰጡት መረጃ በአንድ የኤሌክትሮኒክ መስኮት እንዲያልፍ አባል አገሮችን ከጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ጀምሮ አስገድዷል።

ኮምፒውተሮቹ የጠፉበት ሳምንት

ጁላይ 2021 ለደቡብ አፍሪካ ክፉ ወር ነበር። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ጄኮብ ዙማ መታሰራቸውን ተከትሎ በክዋዙሉ ናታልና በጆሃንስበርግ ዙሪያ በተቀሰቀሰው ሁከት ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘረፉ። ደርባንን ከጆሃንስበርግ የሚያገናኘው ኤን 3 አውራ ጎዳና ላይ ተሳቢ መኪኖች ተቃጥለው መንገዱ ተዘጋ። ሁከቱ ረግቦ ጭነት መንቀሳቀስ በጀመረበት ሰሞን፣ ጁላይ 22 ቀን፣ የትራንስኔት ኮምፒውተሮች በሳይበር ጥቃት ተመቱ። የቤዛ ጥያቄ የያዘ መልእክት በኮምፒውተሮቹ ላይ መታየቱም በወቅቱ ተዘግቧል።

የተርሚናሉ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ሲዘጋ ክሬኖቹ አልተሰበሩም፤ መርከቦቹም በቦታቸው ነበሩ። የጠፋው የትኛው ኮንቴይነር የት እንዳለ የሚያውቀው አእምሮ ነው። ሠራተኞች ወደ ወረቀትና እስክርቢቶ ተመለሱ። ኮንቴይነሮችን ቁጥራቸውን እያነበቡ መፈለግ፣ የመኪኖችን መግቢያና መውጫ በእጅ መመዝገብ ግድ ሆነ። ትራንስኔት በደርባን፣ በንጉራ፣ በፖርት ኤልዛቤትና በኬፕታውን የኮንቴይነር ተርሚናሎች ላይ «ከአቅም በላይ የሆነ ሁኔታ» ማጋጠሙን ለደንበኞቹ አሳወቀ፤ አዋጁንም ያነሣው ኦገስት 2 ቀን ነው። አራቱም ወደቦች በአንድ ላይ የተጎዱት በአንድ ኩባንያ ሥርዓት ላይ ስለሚሠሩ ነው። ሥራን አንድ ወጥ ያደረገው ማዕከላዊነት አደጋንም አንድ ወጥ አደረገው።

ይህ የደቡብ አፍሪካ ብቻ ዕጣ አይደለም። የዴንማርኩ ግዙፍ የመርከብ ኩባንያ ሜርስክ ጁን 27 ቀን 2017 «ኖትፔትያ» በተባለ ጎጂ ሶፍትዌር ሲመታ በተለያዩ አገሮች ያሉ ተርሚናሎቹ ቆሙ። ኩባንያው በአሥር ቀናት ውስጥ 4,000 ሰርቨሮችንና 45,000 ኮምፒውተሮችን እንደ አዲስ መሥራቱን የቦርድ ሰብሳቢው በኋላ ገልጸዋል። ጉዳቱም ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ተገምቷል። የኩባንያው ኔትዎርክ የተጠቃሚዎችን ማንነት የሚያረጋግጥበት ወሳኝ መረጃ በየአገሩ ባሉ ሰርቨሮች ሁሉ ላይ ሲጠፋ አንድ ቅጂ ብቻ ተርፎ ተገኘ፤ የነበረውም በጋና ነው። ቅጂው የዳነው ጥቃቱ ሲደርስ በጋናው ቢሮ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። ከኔትዎርኩ ጋር ያልተገናኘ ቅጂ ሆን ተብሎ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ድርጅቱ በመብራት መጥፋት ዕድል መዳን ባላስፈለገው ነበር። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነገር ነው።

ሶፍትዌር የማይጠግነው

የሳይበሩ ጥቃት ካለፈ ከሁለት ዓመት በኋላ የመጣው ፈተና ግን በኮምፒውተር ላይ የሚሳበብ አልነበረም። በኖቬምበር 2023 ከደርባን ወደብ ውጭ በርካታ መርከቦች መልሕቅ ጥለው ተራ ሲጠብቁ፣ ከ60 ሺህ በላይ ኮንቴይነሮች ሳይራገፉ ባሕር ላይ ቆዩ። መንሥኤው የመሣሪያዎች እርጅና፣ የመለዋወጫ እጥረት፣ ለጥገና የዋለው ገንዘብ ማነስና መጥፎ የአየር ሁኔታ ተደራርበው ነው። ዓለም አቀፍ ጉዞ የሚያደርጉ መርከቦች ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ጀምሮ አድራሻቸውን በሬዲዮ ሞገድ የሚያሰራጭ መሣሪያ ስለሚይዙ፣ የጄፒ ነጋዴ ጭነቱን የያዘችው መርከብ ከደርባን ፊት ለፊት መቆሟን በእጅ ስልኩ ማየት ይችል ነበር። ቴክኖሎጂው ሰልፉን አሳየው፤ አላሳጠረለትም።

የዓለም ባንክ በ2023 አፈጻጸማቸው 405 የኮንቴይነር ወደቦችን ባወዳደረበት ዝርዝር ኬፕታውን የመጨረሻውን 405ኛ፣ ንጉራ 404ኛ፣ ደርባን 398ኛ ደረጃ ይዘዋል። ወደቦቹ ግን ሶፍትዌር አልጎደላቸውም። የደቡብ አፍሪካ ወደቦች ባለሥልጣን ስምንቱን የንግድ ወደቦች በአንድ የዲጂታል ማስተዳደሪያ ሥርዓት ካገናኘ ዓመታት ተቆጥረዋል።

ባቡሩም ተመሳሳይ ታሪክ አለው። ሲቲ ዲፕ ሲቋቋም የታሰበው ኮንቴይነር በባቡር እንዲገባና እንዲወጣ ነበር። ሆኖም የትራንስኔት የጭነት ባቡር በ2017/18 የበጀት ዓመት ካጓጓዘው 226 ሚሊዮን ቶን ገደማ በ2022/23 ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ወርዷል። የሎኮሞቲቭ እጥረትና የመዳብ ሽቦ ስርቆት በዋና ምክንያትነት ይጠቀሳሉ። ሌባ የቆረጠውን ሽቦ የትኛውም የመረጃ ቋት አይቀጥለውም። ባቡሩ ሲቀንስ ጭነቱ ወደ ኤን 3 ጎዳና ይዞራል፤ የቤይሄድ መንገድ ሰልፍም ይረዝማል። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» እንዲሉ፣ የተርሚናሉን መዘግየት ለመረዳት ከወደቡ አጥር ወጥቶ ሐዲዱን ማየት ያስፈልጋል።

መንግሥት የመረጠው መፍትሔ የግል ድርጅቶችን ማሳተፍ ነው። ለደርባን ሁለተኛው የኮንቴይነር ተርሚናል፣ የአገሪቱን የወደብ ኮንቴይነር እንቅስቃሴ ግማሽ ገደማ ለሚያስተናግደው፣ የፊሊፒንሱ አይ.ሲ.ቲ.ኤስ.አይ. በጁላይ 2023 የ25 ዓመት አጋር ሆኖ ቢመረጥም፣ ተወዳዳሪው ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ስለወሰደው ዝውውሩ ለረጅም ጊዜ ተጓትቷል። በኦገስት 2025 ደግሞ 11 የግል ባቡር አንቀሳቃሾች በመንግሥት ሐዲድ ላይ እንዲሠሩ መመረጣቸው ይፋ ሆኗል።

አዲስ ቴክኖሎጂ በራሱ ዋስትና እንዳልሆነ የሚያሳይ ሌላም ምሳሌ አለ። ሜርስክና አይ.ቢ.ኤም. በ2018 «ትሬድሌንስ» የተባለ በብሎክቼይን ላይ የተመሠረተ የጭነት መረጃ መጋሪያ ሥርዓት በትልቅ ተስፋ ጀምረው ነበር። በኖቬምበር 2022 ግን እንደሚዘጉት አስታወቁ። ምክንያቱ የቴክኒክ ጉድለት ሳይሆን ኢንዱስትሪው በሙሉ ሊተባበር አለመቻሉ ነው።

ከሲቲ ዲፕ እስከ ሞጆ

የሲቲ ዲፕ እና የደርባን ግንኙነት ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። የሞጆ ደረቅ ወደብ ከጂቡቲ ጋር ያለው ትስስር ተመሳሳይ ነው። በመልቲሞዳል ሥርዓት አንድ የጭነት ሰነድ ኮንቴይነሩን ከተነሣበት አገር እስከ ሞጆ ያደርሰዋል፤ የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱም በዚያ ይፈጸማል። ልዩነቱ ከደርባን እስከ ጆሃንስበርግ ያለው መንገድ በአንድ አገር ሕግ ሥር ሲሆን፣ ከዶራሌ እስከ ሞጆ ያለው ግን ድንበር ያቋርጣል። ስለዚህ የኢትዮጵያ መረጃ ከሌላ አገር ወደብና ጉምሩክ ሥርዓት ጋር መነጋገር አለበት።

ኢትዮጵያ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎቷን በጃንዋሪ 2020 በይፋ ጀምራ በርካታ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤቶችን አገናኝታለች። የሞጆን ደረቅ ወደብ ለማስፋፋትም የዓለም ባንክ በ2017 የ150 ሚሊዮን ዶላር ድጋፍ አጽድቋል። ከጂቡቲ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር ደግሞ የንግድ አገልግሎቱን ከጀመረ ከ2018 ወዲህ ነው።

ከደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ሦስት ነገሮች ጎልተው ይወጣሉ። አንደኛ፣ ሥርዓቱ በተዘጋ ዕለት ሥራው በምን እንደሚቀጥል አስቀድሞ ተጽፎና ተለማምዶ መገኘት አለበት፤ ከኔትዎርክ የተነጠለ የመረጃ ቅጂም የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። ሁለተኛ፣ ለሶፍትዌር የተመደበ ገንዘብ ለክሬን መለዋወጫና ለሐዲድ ጥበቃ የሚውለውን መሻማት የለበትም። ሦስተኛ፣ መረጃን የሚጋሩ ተቋማት በመካከላቸው መተማመን ከሌለ አንዱ መስኮት ብዙ በሮች ያሉት ግድግዳ ብቻ ይሆናል።

ለጄፒው ነጋዴ ይህ ሁሉ በመጨረሻ የሚተረጎመው በቀናትና በገንዘብ ነው። ኮንቴይነር ከተፈቀደለት ጊዜ በላይ ሲቆይ በየቀኑ የሚቆጠረው ዲመሬጅ፣ ለክረምቱ የታዘዘው ብርድ ልብስ ክረምቱ ካለፈ በኋላ መድረሱ፣ በዱቤ ዕቃ የሰጠው ጅምላ አከፋፋይ ስልክ መደወሉ ለእርሱ የወደብ አፈጻጸም መለኪያዎች ናቸው። በደቡብ አፍሪካ ክረምቱ በጁን ይገባል። ለዚያ ገበያ የሚሆነው ኮንቴይነር ደግሞ ከቻይና የሚነሣው ከበርካታ ሳምንታት በፊት ስለሆነ፣ ነጋዴው ትእዛዙን የሚሰጠው ደርባን በሚቀጥሉት ወራት እንዴት እንደምትሠራ ገምቶ ነው። ያ ግምት እንዲቀና የሚያደርጉት በሲቲ ዲፕ አጥር ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ብቻ አይደሉም፤ ከአጥሩ ውጭ ያለው ሽቦ፣ ሐዲድና የመንገዱ ሰላም ጭምር ናቸው።